አንዱን ብቻ ስለ መምረጥ

ሰው በጎ ሥራ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ልኩን ይቈርጣል። ይህን ያህል እሰጣለሁ፤ ከዚህ አላልፍም፤ ይህኛውን እረዳለሁ፤ ያኛው ግን የሌላ ሰው ዕዳ ነው ይላል። ልክ መቍረጥ በራሱ ነውር አይደለም። አቅሙን የማያውቅ ቸር ዛሬ ሰጥቶ ነገ እሱ ራሱ ለማኝ ይሆናልና። ነገር ግን ልኩን የምንቈርጠው በአቅማችን ነው ወይስ በምርጫችን? ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ፊት ለፊት ገጠመኝ። ያመጣብኝም ሊቅ ወይም መጽሐፍ ሳይሆን፣ ተደምረው ስድስት ኪሎ የማይሞሉ ሁለት ትንንሽ ውሾች ናቸው። ወጣት አንባቢዬ፣ «የውሻ ነገር ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ብለህ ገጹን ለመግለጥ ብትቸኵል አልቀየምህም፤ እኔም ባንተ ዕድሜ ሳለሁ እንደዚያው ባልሁ ነበር።

የተወለድሁት በመንዝ ነው። በዚያ አገር ውሻ ከበረት ደጅ እንጂ ከቤት ውስጥ ቦታ የለውም። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ ቀን ከእረኛ ጋራ ይውላል፤ ከማዕድ የተረፈ ሲገኝ ይጣልለታል። ውሻ አፉን ያገባበትን ዕቃ እናቴ ዳግመኛ ለምግብ አታነሣውም ነበር። ከዚህም በላይ የእብድ ውሻ ፍርሀት ነበረ፤ ፍርሀቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የተነከሰ ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ መድኃኒቱ በዓለም ይታወቃል፤ ሆኖም ክትባቱ የሚያድነው ሕመሙ ሳይጀምር ከተሰጠ ብቻ ነው። ከጀመረ በኋላ ማዳን የለም ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሐኪም ቤት የብዙ ሰዓት መንገድ በሆነበት አገር ልጅ ያላወቀውን ውሻ ሁሉ በድንጋይ ቢያባርር አይፈረድበትም።

የኛን ውሻ ግን እኔና ታላቅ ወንድሜ እንወደው ነበር። ስሙ መከታ ነው። በጎቹን ከኛ ጋራ ሲጠብቅ ይውልና ማታ እሱ ከደጅ ሲቀር እኛ እንገባለን። እኔና ወንድሜ በአንድ ባና ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተገጥመን እንተኛ ነበር። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ የፍቅር ነገር ብቻ ሳይሆን የኑሮ ግዴታም መሆኑን ይረዳል።

አሁን የምኖረው በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። አንዲት ልጅ አለችን፤ በዚያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበረ። እኅትም ወንድምም የላትም፤ እኛ ሁለታችን በፈረቃ ስለምንሠራ ብዙውን ሰዓት ከቤት ብቻዋን ትውላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሻ እንድንወስድላት ለመነችን። ባለቤቴ «ጸሎት በሚደረግበት ቤት ውሻ አይገባም» አለች፤ እኔም ከኋላዋ ተሸሽጌ ዝም አልሁ። ልጅቱ ግን አንድ ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከትንሹ ውሻቸው ከሉሉ ጋራ የተነሡትን ፎቶግራፍ ከየት እንዳገኘችው እንጃ አምጥታ ከፊታችን አስቀመጠችና፣ «ጃንሆይ ቤተ መንግሥት ካስገቡት እናንተ ከማን በለጣችሁ?» አለችን። ባለቤቴ ሣቀች። የሣቀ ዳኛ ደግሞ ለመፍረድ አይመችም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ እንስሳት መጠጊያ ሄድን።

በዚህ አገር ባለቤት ያጣ እንስሳ ተሰብስቦ የሚጠለልበትና ፈላጊ እስኪያገኝ የሚጠበቅበት ቤት በየከተማው ይገኛል። የነገሩን መነሻ ባጭሩ ልንገርህ። በ1860 በሎንዶን ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት ለጠፉ ውሾች መጠለያ ስታቋቁም ብዙዎች አፌዙባት። በ1866 ሄንሪ በርግ በኒው ዮርክ በእንስሳት ላይ ጭካኔን የሚከላከል ማኅበር መሠረተ፤ በ1869 ደግሞ በፊላደልፊያ ሴቶች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙና ለባዘኑ ውሾች መጠለያ ከፈቱ። «ሰው ተርቦ ሳለ ለውሻ ማዘን ምን ይባላል?» የሚለው ወቀሳ ያን ጊዜም ነበረ፤ እኔም ራሴ ብዬዋለሁ። ነገር ግን በ1874 በኒው ዮርክ ሜሪ ኤለን የምትባል ልጅ በአሳዳጊዋ እየተደበደበች መሆኗ ሲሰማ፣ እንድትድን የረዳት ይኸው ለፈረስና ለውሻ ይከራከር የነበረው በርግ ነው። ከዚያም ጕዳይ የተነሣ ልጆችን ከጭካኔ የሚጠብቅ ማኅበር ተቋቋመ። እንግዲህ ርኅራኄ እንደ ጋን ጠላ ለአንዱ ሲቀዳ ለሌላው የሚጐድል አይመስለኝም።

መጠጊያው ንጹሕ ነው፤ ጩኸቱ ግን ጆሮ ያደነቍራል። በረድፍ ከተሠሩት ክፍሎች በመጨረሻው ውስጥ ሁለት ቺዋዋዎች ተኝተው አገኘን። ቺዋዋ ስሙን ከሜክሲኮ አገር ከቺዋዋ ግዛት ያገኘ፣ ከውሻ ዘር ሁሉ በትንሽነቱ የታወቀ ነው። ሴቲቱ ሮዛ፣ ወንዱ ፔፔ ይባላሉ። ሮዛ የአራት ዓመት፣ የገብስ ቆሎ የመሰለች፣ ዐይነ ትልቅ፣ ጆሮዋ የቆመ ውብ ፍጥረት ነበረች። ፔፔ ግን ዐሥር ዓመት አልፎታል፤ አንድ ዐይኑ ነጭ ሆኗል፤ ጥርሱ በከፊል ረግፏል፤ ምላሱም ካንድ ወገን ወጥቶ ተንጠልጥሏል። አፉ ደግሞ ከሩቅ ይሸታል። ባለቤታቸው አሮጊት ሴት ኖረው ጕልበታቸው ሲደክም ወደ አረጋውያን መጦሪያ ስለ ገቡ ሁለቱም ወደዚያ መጡ። በደጃቸው በተሰቀለው ካርድ ላይ «አብረው ብቻ የሚሰጡ» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

ልጄ ካርዱን አነበበችና ደስ አላት። እኔ ካርዱን አነበብሁና ማስላት ጀመርሁ።

በመጠጊያው በነጻ የምታገለግል አንዲት ሽበታም ሴት ነበረች። ወደ እሷ ቀርቤ፣ «ሴቲቱን ብቻ ብንወስድስ? ሽማግሌውን ሌላ ሰው ይወስደዋል» አልኋት። ሌላ ሰው እንደማይወስደው እኔም እሷም እናውቅ ነበር። ሴትዮዋ አልተቈጣችም። ወንበር አቀረበችልኝና ፔፔን አቅፋ ወደ ጐረቤቱ ክፍል ወሰደችው፤ በሩንም ዘጋችው። ሮዛ በመጀመሪያ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀጥሎ ወደ በሩ ሄዳ አፍንጫዋን ከሥር ባለው ክፍተት ላይ ደገነች። አልጮኸችም፤ በሩን አልቧጨረችም። ልጄ ዶሮ ሥጋ ብታቀርብላት ዘወር ብላ አላየችም። ጥቂት ቈይቶ ፔፔ ሲመለስ ጆሮውን አሸተተችው፤ አፉን አሸተተችው፤ ያን የታወረ ዐይኑን ላሰችለት። ከዚህ በኋላ ነው ሥጋውን የበላችው፤ እሱንም እሱ ጀምሮ ሲተውላት።

እኔ ግን ቶሎ የምረታ ሰው አይደለሁም። «ይህ የጥቂት ቀን ነገር ነው፤ ውሻ ቶሎ ይረሳል» አልሁ። ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ የኔ እንዳልሆነ ታወቀኝ። ካርባ ዓመት በላይ በጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ የሌላ ሰው ቃል ነው።

«ልጅ ቶሎ ይረሳል።» ይህን ያለው አጎቴ ነው፤ ያለውም ለእናቴ ነው። ጊዜው ጥር 1972 ዓ.ም. በኛ አቈጣጠር ነበረ። አባታችን በሞተ በዓመቱ አጎቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ከልጆቹ አንዱን ወስዶ እንደሚያስተምር ለእናታችን ነገራት። ከዚያ በፊት፣ በ1971 ሐምሌ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገሩ ሁሉ ተጀምሮ በቀበሌያችንም ሰው ፊደል ይቈጥር ነበር። አጎቴ የፊደሉን መጽሐፍ አነሣና ሁለታችንንም አስነበበን። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበረ፤ አነበብሁ። ወንድሜ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነበረ፤ አላነበበም። አጎቴም እኔን መረጠ። ልብ ብለህ ተመልከት፤ እኔ ፊደል የቈጠርሁት ወንድሜ የራሱንም የኔንም ተራ በግ ይጠብቅልኝ ስለ ነበረ ነው። ይህን ለአጎቴ የነገረው የለም። እኔም አልነገርሁትም።

ወንድሜ ከመከታ ጋራ እስከ ወንዙ ሸኘን። የበሶ አቁማዳውን ሰጠኝና ከድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆመ። አላለቀሰም። እኔ ዘወር ብዬ ዘወር ብዬ አየሁት፤ መንገዱ ሲታጠፍ ከዐይኔ ጠፋ። በዚያ ሳምንት በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀርባዬ ጀርባ ሳይኖር ተኛሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አገሬ ስገባ ወንድሜ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ፊቱ ተጨማዶ አገኘሁት። ስገባ ከመደቡ ተነሣልኝ። «አንቱ» አለኝ። ታላቄ ሳለ እኔን አንቱ አለኝ! «ተው፣ እባክህ» ብለው፣ «የተማረ ሰው ነዎት፤ እንዴት ተደርጎ» አለ። ዘመዶቻችን ጨዋነቱን አመሰገኑለት፤ እኔ ግን የበላሁት እህል አልወርድ አለኝ። ከዚያ ወዲህ፣ አሜሪካም ከመጣሁ በኋላ፣ በስልክ በተገናኘን ቍጥር አንቱ እንዳለኝ ኖረ።

አጎቴን ልወቅሰው አልችልም። በአንድ ክፍል ቤት ሦስት የራሱን ልጆች ያሳድግ ነበር፤ ያም ዘመን እህሉም ስኳሩም ከቀበሌ በኩፖን የሚሸመትበት ዘመን ነው። አንድ ልጅ የወሰደው ለአንድ ብቻ የሚበቃ እንጀራ ስለ ነበረው ነው፤ ያለ እሱ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን በዚያ ቅዳሜ በመጠጊያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ራሴን ብመረምር ያ ምክንያት የለኝም። የተከራየሁት ቤት ሁለት ትንንሽ እንስሳት ይፈቅዳል። የሁለቱ የቀን ምግብ ተደምሮ ከአንድ ብርጭቆ ብዙ አይበልጥም። ሽማግሌውን የተውሁት ዐይኑ ስለ ታወረና አፉ ስለ ሸተተ ነበር፤ ለሴትዮዋ ግን የተናገርሁት የአቅም ነገር አስመስዬ ነው።

«ሁለቱንም» አልኋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አንባቢዬን አሳስተዋለሁ። አብረው የመጡ ውሾች ሁሉ መለያየት አይገባቸውም ማለት አይደለም። ሴትዮዋ እንደ ነገረችኝ አንዳንዶቹ በአንድ ቤት ስለ ኖሩ ብቻ አብረው ይቈጠራሉ እንጂ፣ አንዱ ሌላውን ምግቡን እየቀማ ዕረፍት የሚነሣው አለ፤ እንዲህ ያሉት ቢለያዩ ይሻላቸዋል። ስለዚህ የመጠጊያው ሰዎች ተነካክተው ይተኙ እንደ ሆነ፣ ሲለያዩ ይበሉ እንደ ሆነ፣ ሲፈሩ እርስ በርሳቸው ይጠጋጉ እንደ ሆነ ብዙ ቀን ይመለከታሉ። ከዚያ በኋላ ነው ካርዱን የሚጽፉት። ለሰውም ቢሆን እንዲህ ያለ ካርድ የሚጽፍ ሰው በነበረ!

ወደ ቤት ስንወስዳቸው «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር» የሚል ምክር ተሰጠን። በሦስት ቀን ድንጋጤው ይበርዳል፤ በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዐት ይለምዳሉ፤ በሦስት ወር ቤቱ የኔ ነው ይላሉ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ከአልጋ ሥር ገብተው እንቢ አሉ። ያመጣንላቸውን ሁለት አዲስ መኝታ አልነኩትም። ባለቤቴ፣ ያችው ውሻ አይገባም ያለችው፣ አሮጌ ጋቢዬን አጥፋ ከአልጋው ሥር ገፋችላቸው። ሌሊት በባትሪ ብርሃን ጐንበስ ብዬ ባይ በጋቢው ላይ ጀርባ ለጀርባ ተገጥመው ተኝተዋል። ባትሪውን አጠፋሁና ወለሉ ላይ ጥቂት ተቀመጥሁ። ባለቤቴ «ምን ሆንህ?» አለችኝ፤ «ወገቤን ነው» አልኋት።

የኛ ቤት ማዕድ ለውሻ አደገኛ መሆኑን የነገረን የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ እንግዲህ ወጣችን ሁሉ ለነሱ መርዝ ነው ማለት ነው። ዘቢብና ወይንም ኵላሊታቸውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ቸኮላትም የተከለከለ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ ለፔፔ አዝና ከዶሮ ወጥ ጥቂት ልታቀምሰው አስባ ነበርና። አሁን ዶሮ ስትሠራ ሽንኩርቱ ሳይነካው፣ ጨውም በርበሬም ሳይገባበት፣ ትንሽ ሥጋ ለብቻ ቀቅላ ታስቀራለች። እንግዳ ሲመጣ «ይህ ለማን ነው?» ሲላት «ለጾመኛው ነው» ትላለች።

ወጪውን ልደብቅህ አልፈልግም፤ ልቡ ተነክቶ ውሻ የወሰደ ሰው ኋላ ሲጨንቀው የሚመልሰው ብዙ ነውና። መጠጊያው ሁለቱን የሰጠን በአንድ ውሻ ዋጋ ነው። ነገር ግን የትንንሽ ውሾች አፍ ጠባብ በመሆኑ ጥርሳቸው ተጨናንቆ ይበቅላል፤ ቶሎም ይበላሻል። የፔፔን የበሰበሱ ጥርሶች ለማስነቀል የሁለት ሳምንት ትርፍ ሰዓት ሠርቻለሁ። የሚሸተው አፉ ዳነ፤ ቀድሞ በክፋት የማየው ያ ሽታ ለካ ሕመም ኖሯል! ቀጥሎም ሐኪሙ ልቡን ቢያዳምጥ በትንንሽ ውሾች ላይ በሸመገሉ ጊዜ የሚበዛው የልብ መዝጊያ ድካም ተገኘበት፤ ጧትና ማታ ክኒን ይወስዳል። ቺዋዋ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ሊኖር ይችላል። ፔፔ ግን ከሮዛ በፊት እንደሚሄድ ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜ ለሷ ምን እንደምናደርግላት ገና አላወቅንም። ልጄ ስለዚህ ስትጠይቀኝ ውሸት አልነግራትም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሮዛ በሩ ላይ ትዘላለች፤ ፔፔ ዐይኑ ስለማያይለት የሮዛን ጐን በትከሻው እየነካ ይከተላታል። በመንገድም እንዲሁ ነው፤ እሷ በታወረው ዐይኑ በኩል ትሄዳለች፤ ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ልጄ በጋቢው ላይ ተኝተው ሳሉ ፎቶግራፍ አነሣቻቸውና በስልክ ለወንድሜ ልጅ ላከችለት። እሑድ ስደውል ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎ የወትሮውን ሰላምታ ሰጠኝ፤ «እንደ ምን ሰነበቱ፣ ቤተ ሰብ ደኅና ነው?» አለ። ዝናቡን ነገረኝ፤ የገብሱን ነገረኝ። ቀጥሎ ጥቂት ዝም አለና ስለ ውሾቹ ጠየቀ። እኔም ከየት እንዳመጣኋቸው፣ አንዷን ብቻ ልወስድ እንደ ነበር፣ ቃሌ ከአፌ እንደ ወጣ ማንን እንዳስታወስሁ፣ እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርሁትን የበጎቹንም ተራ ጭምር ነገርሁት። ረጅም ነገር ሆነ። መሥመሩ የተቈረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልሁ።

«አለሁ» አለ። «በአንድ ነው የሚተኙት?»

«በአንድ።»

«ጀርባ ለጀርባ?»

«ጀርባ ለጀርባ።»

ሣቀ። «ታዲያ ጋቢው ለሁለቱም ይደርሳቸዋል? አንተ እንደሆንህ ባናውን ለብቻህ እየጐተትህ ስንት ሌሊት በብርድ ገደልኸኝ!» አለኝ።